ከፖርት ሱዳን እስከ ዶካ፦ የግዥ ሠራተኞች ማኅበር የጠራኝ መንገድ

ገዳሪፍ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ያገሬ ሰው ሁሉ «አገር ሸተተህ ወይ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ላውራ ብል መሽቶ ይነጋል፤ ደግሞም በጎዳና የማይወራ ነገር አለበት። ስለዚህ ከተነሣሁበት ጀምሬ እንደ ሆነው ልጻፈው። እዚህ ፖርት ሱዳን ባሕሩን እያዩ የሚኖሩ፣ ወደዚያ ለመሄድ ፈቃድም አቅምም የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቢያንስ መንገዱን ከእኔ ጋር ይሂዱት።

ሥራዬ ግዥ ነው። ጎንደር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳለሁ ጨረታ አወጣ፣ ናሙና አስመርጥ፣ ዕቃ እረከብ ነበር። ደርግ የሰውን ልጅ እንደ ጎመን መቀንጠስ የጀመረ ጊዜ በመተማ በኩል ወጣሁ። እናቴንና ባለቤቴን የሺን ትቼ ነው የወጣሁት። አሁን ለስደተኞች እርዳታ በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ያንኑ የግዥ ሥራ እሠራለሁ። እንደ እኔ ያሉ ሐበሾች በየእርዳታ ድርጅቱ ስለበዛን ማኅበር አቋቁመናል፤ ዋናው ካርቱም ነው፣ ከቅርንጫፎቹ ሁሉ ጠንካራው ደግሞ የገዳሪፉ ነው። የዚያ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር አቶ ወርቅነህ «በወደብ ዕቃ እንዴት እንደምትረከብ መጥተህ አስተምረን» ብለው ላኩብኝ። ሄጄ አላውቅም ነበር። ለስደት ወጥቼ በገዳሪፍ በኩል ሳልፍ ያየሁት ሌሊትና በሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተጠርቼ ምክንያት ፈጥሬ ቀርቻለሁ። ምክንያቴን ለማንም ባልነግርም ለራሴ አውቀው ነበር፤ ባሕር ዳር ሲኖሩ ናፍቆት ሩቅ ነው፣ ሩቅ ነገር ደግሞ ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣ። የባሕሩ ወበቅ እስከ ተራሮቹ እግር ድረስ ተከተለን። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ነፋሱ ተለወጠና ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢ የሚያህል ነጠላውን ተከናነበ፤ እኔ ግን መስኮቴን ከፈትኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሱዳናዊ ወታደር «ያ አኺ፣ በረድ!» ብሎ ሊዘጋው እጁን ሰደደ። ብርዱን ፈልጌው እንደ ሆነ የምነግርበት ዐረብኛ አልነበረኝም። «ሐበሺ» አልኩት ራሴን እያመለከትኩ። ሳቀና ተወው። ከጭልጋ ደጋ ከወጣሁ ወዲህ ፊቴን እንዲህ ያለ ነፋስ ነክቶት አያውቅም።

ከተራራው ማዶ አገሩ ደረቅ ነው። ፀጉራቸውን ያጎፈሩ ግመል ነጂዎች ሰይፋቸውን በትከሻቸው አንግተው መንገድ ዳር ይቆማሉ። በየኬላው ወርጄ ተስሪህ የሚሉትን የጉዞ ፈቃድ አሳየሁ። አንዱ ፖሊስ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ ረጅም ጊዜ አነበበው። ላቃናለት አልደፈርኩም።

ከሰላ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የከሰላ ተራሮች እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ናቸው። ያገራችን ተራራ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወገቡ ላይ ማሳ፣ እግሩ ላይ ምንጭ አለው፤ የከሰላው ግን ለመታየት ብቻ የቆመ ይመስላል። ሎካንዳ የሚሉት ማደሪያ ቤት ገብቼ ግቢው ውስጥ የጠፍር አልጋ ተሰጠኝ። ገና ተቀምጬ ጫማዬን ስፈታ ጠፍሩ ተበጠሰና ቂጤ መሬት ነካ። ባለቤቱ ሮጦ መጣ፤ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስፈራ የራሱን አልጋ አምጥቶ ዘረጋልኝ፣ እሱም ምንጣፍ ላይ ተኛ። ጠዋት ለሻይ እንኳን ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ «አልጋዬ እንግዳ ጥሏል» እያለ ለጎረቤቶቹ ያወራ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አውቶቡሳችን ኸሽም ኤል ጊርባ የምትባለውን ከተማ አልፎ ብዙም ሳይሄድ ጢስ ተፍቶ ቆመ። ሾፌሩ ሥሩ ገባ። እኛ አውቶቡሱ በሚጥለው ጥላ ሥር ተደረደርን፤ ጥላው በሸሸ ቁጥር እኛም እየተከተልን። አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ከዘንቢላቸው ኪስራና የደረቀ ባሚያ ወጥ አውጥተው ሰውን ሁሉ ጠሩ። ኪስራ ከማሽላ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የሳሳ እንጀራ ነው። ዓይን የለውም፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቢጋገር ሊጡ ሞቷል ይባላል። እኔ ወደ ኋላ ስል ሽማግሌው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ከወዴት ነህ?» አሉኝ በቀስታ ዐረብኛ፣ እንዲገባኝ።

«ከፖርት ሱዳን።»

«እሱማ መኖሪያህ ነው። አገርህን ነው የጠየቅሁህ።»

«ሐበሻ። ጎንደር።»

በትራቸውን አንሥተው ከመንገዱ ግራ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት ጠቆሙ። «ታዲያ ባሕር ዳር ምን ትሠራለህ? ያንተ አገር እኮ በዚህ ነው። ወላሂ፣ የገለባት ነጋዴ በቅሎ ይዞ ይሄድበት የነበረ መንገድ ነው።»

የጠቆሙበት ላይ ጠፍጣፋ ሜዳና የሙቀት ጭልጭልታ ብቻ ነበር። እኔ ግን አውቶቡሱ እስኪጠገን ዓይኔን ከዚያ አላነሣሁም።

ገዳሪፍ ስንገባ መሽቷል። አቶ ወርቅነህ ከቀትር ጀምረው መናኸሪያው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ጀምረው በግምጃ ቤት ሥራ ያረጁ። አውቶቡሱ ፊታቸው ቆሞ፣ እኔም ፊታቸው ቆሜ፣ ወዲያ ወዲያ ይፈልጉኛል።

«አቶ ወርቅነህ፣ እኔ ነኝ፤ አምሳሉ።»

«አንተ ነህ? ና እስቲ ወዲህ» አሉና ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ቤታቸው የሣር ክዳን ጎጆ ነው፤ ገዳሪፍ እንዲህ ያለው ጎጆ ስለሚበዛ ከሩቅ ያገር ቤት መንደር ይመስላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ። እግሬን ሊያጥቡኝ ሲያጎነብሱ «ኧረ አይሆንም፣ እትዬ!» ብዬ ተነሣሁ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ!» አሉኝ። «እኔ ዘንድ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሱዳን ሱዳን የሚሸት ነው። አንተ ያገሬ ልጅ ነህ። በሞትኩት፣ እንግዳ ማስተናገድ ረሳሁ እኮ!»

እግሬን የሚያጥበኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ። ቀና ብዬ የጣራውን ማገር ስቆጥር ቆየሁ፣ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

ሦስተኛው ቀን የስብሰባው ቀን ነበር። የቅርንጫፉ አባላት ከየመጠለያ ጣቢያው፣ ከየክሊኒኩና ከየትምህርት ቤቱ መጥተው አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር በባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ዐረብኛው አንድ ላይ ይፈላል። አቶ ወርቅነህ የዓመቱን ሥራ በቃላቸው ተናገሩ።

«ድሮ የእያንዳንዱ ድርጅት ገዥ ለብቻው ገበያ ይወጣ ነበር። እኔ ማሽላ ስፈልግ ለተብርሃን ትመጣና ትጨምርብኛለች፤ እሷ ስትጨምር ሰይድ ይመጣባታል። እርስ በርሳችን ተሻምተን ዋጋውን ሰማይ ሰቅለን፣ ስደተኛውን አስርበን ነጋዴውን እናጠግብ ነበር። ዘንድሮ ተነጋግረን ወጣን። አንድም መጠለያ ውስጥ ራሽን አልተቋረጠም። የማኅበራችን ፍሬ ይኸ ነው፤ ሌላ ወሬ የለኝም።»

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ከዚያ እኔ ተነሥቼ የወደቡን ነገር አስረዳሁ፤ ከመርከብ የወረደ ጆንያ ላዩ ደረቅ ሆኖ ውስጡ ሊሻግት እንደሚችል፣ ሳይከፍቱ መፈረም ነገ የሰው ሆድ እንደሚያሳምም። ጥያቄው በዛ። አንዱ ልጅ እግር ገዥ «ጋሼ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቢኖረን ጥሩ ነበር» ሲል ያገር ቤት መሥሪያ ቤት የሚያውቁ ሁሉ በሣቅ ፈነዱ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ በአገራችን ዕቃ ገቢ የሚደረግበት ቅጽ ነው። ስንጽፈው የሰለቸን፣ የረገምነው ወረቀት! አሁን ስሙ ሲነሣ እንደ ዘመድ ስም ደስ አለን። ሣቁ ሲያልቅ ማንም ማንንም አላየም።

በመሐል በግ ጮኸ። ዘወር ስንል የሐጅ ዑስማን አሽከር ሙክት እየጎተተ ይገባል። ሐጅ ዑስማን ለብዙዎቻችን ማሽላ የሚያቀርቡ ሱዳናዊ ነጋዴ ናቸው፤ «ለእንግዳችሁ» ብለው መላካቸው ነው። ክርክር ተነሣ።

«ከነጋዴ በግ በልተን ነገ የነቀዘ እህል ሲያመጣ በየትኛው አፋችን ነው የምንመልስበት?» አለች ለተብርሃን። የአንድ መጠለያ ክሊኒክ ገዥ ናት፤ ነገር አታለሳልስም።

«እንግዳ ማክበር ባህላቸው ነው፤ መመለስ ስድብ ይሆናል» አለ ሰይድ። ሰይድ የዶካው አባላችን ነው፤ የመተማ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ባህላቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ።

አቶ ወርቅነህ ግራ ቀኙን ሰምተው በጉን መለሱት። ከአፍታ በኋላ ሐጅ ዑስማን ራሳቸው መጡ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

«ወርቅነህ፣ በጌ ምን ሆነብህ?»

«በግህ ደህና ነው፣ ሐጅ። የታመምነው እኛ ነን፤ የገዥ ሆድ የነጋዴ በግ አይስማማውም። ካንተ ጋር መብላት ግን እንፈልጋለን። ፉል አለን፣ ቅረብ።»

ሐጅ ዑስማን ጫማቸውን አውልቀው ጆንያው ላይ ተቀመጡና ከእኛ ሳህን ፉል በሉ። ሲጨርሱ «እናንተ ሐበሾች ስትወዱም ስትጠሉም አታስታውቁም» አሉ። በጉ በማግስቱ ለሆስፒታሉ በሽተኞች በስማቸው እንደታረደ ሰማሁ።

ሰው ሊበተን ሲል አቶ ወርቅነህ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «አምሳሉ፣ ነቀዙን አሁን በጣቴ ነው የምለየው። ዓይኔ አልቋል። አባላቱ አንተን ይፈልጋሉ፤ ቦታዬ ላይ አንተ እንድትቀጠር ድርጅቴንም ጠይቄልሃለሁ። ወደዚህ ና።»

«አልችልም፣ አቶ ወርቅነህ።»

«ደሞዙ ነው?»

«አይደለም። እዚህ ብኖር ዘወትር ወደዚያ ሳይ የምውል ይመስለኛል። ባሕሩ ይሻለኛል።»

አልተከራከሩኝም። «ለማንኛውም ነገ ከሰይድ ጋር ዶካን እይ» ብቻ አሉኝ።

በአራተኛው ቀን በጭነት መኪና፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተጭነን ወደ ዶካ ሄድን። መሬቱ ጥቁር፣ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ዋልካ ነው፤ ስንጥቁ የሰው እግር ይውጣል። ሰሊጡ ታጭዶ እንደ ጎጆ ተከምሯል፣ ማሽላው ገና ቆሟል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ሰይድ «ያገርህ መንገድ ነው፣ ቻለው!» ይለኛል። ዶካ ገበያዋ ብዙ፣ ጥላዋ ትንሽ የሆነች ከተማ ናት። እንደ ደረስን ከከተማው ዳር ቆሜ ወደ ምሥራቅ ተመለከትኩ።

«ከዚህ አይታይም» አለኝ ሰይድ፣ ሳልጠይቀው። «እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እንዳንተ ቆሜ ነበር።»

ከሰይድ ቤት አደርን። ባለቤቱ ለእኔ ብላ ለብቻ ድስት ጥዳ የጾም ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ የገና ጾም በዚያው ዕለት መግባቱን እኔ ረስቼው እሷ ታስታውሳለች።

በማግስቱ ሰይድ የሚገዛውን ማሽላ ለማየት ወደ አንድ ትልቅ እርሻ ወረድን። የቀን ሠራተኞቹ ከድንበሩ ማዶ ለአጨዳ የመጡ ያገራችን ሰዎች ናቸው፤ ደርግ ይከልክል እንጂ ሆድ ኬላ አያውቅም። ከዳሱ ሥር ዐርፈው ነበር። ሰይድ «የጭልጋ ሰው አለ?» ብሎ ጮኸ።

አንድ ቀጭን፣ ጥምጣሙን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ተነሣ። ወደ እኔ ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። አማተበ።

«አንተ… የእሜቴ ጥሩነሽ ልጅ አይደለህም?»

አወቅሁት። ጫኔ ነው፤ የእናቴ ቤት ካለበት ቀዬ ከወንዝ ማዶ የሚኖር፣ በሬ ስንጠምድ እያገዘን ያደገ ጎረቤታችን። «ጫኔ! እኔ ነኝ እንጂ፣ አምሳሉ!» ብዬ ላቅፈው ስሄድ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ቁም! ቁም እስቲ። እኔ ተዝካርህን በልቻለሁ።»

ጫኔ ቀርቦ ክንዴን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ነካ፤ ሥጋ መሆኔን ሲያረጋግጥ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከዚያ ተቀምጦ ነገረኝ። ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ከወጡት መካከል መተማ መንገድ ላይ የተገደሉ ነበሩ። አምሳሉም አብሮ ሞቷል ተብሎ መርዶ ገባ። እናቴ ከል ለበሰች፤ በሬ ሸጣ በዓመቱ ካህናት ጠርታ ተዝካሬን አወጣች።

«ጠላው ጥሩ ነበር» አለ ጫኔ። «ሰው ብዙ ነበር። ተለቅሶልሃል፣ አምሳሉ፤ ወግ ነው የደረሰህ።»

«የሺስ?»

መሬቱን በማጭዱ ጫፍ ጫረ። «ሐዘኗን በሥርዓቱ ጨርሳለች። ኋላ ወላጆቿ ዳሯት። ወልዳለች፣ ሁለት። ሰውየው ክፉ አይደለም።»

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ማታ ማታ ስተኛ የምገባበት ቤት ነበረኝ። በሩን አውቀዋለሁ፣ ማን እንደሚከፍትልኝም አውቃለሁ። ጫኔ ሲናገር ያ ቤት ሌላ ሰው እንደ ገባበት ተሰማኝ። የሺን ልቀየማት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። ለሞተ ባል የሚገባውን ሁሉ አድርጋ ነው የሄደችው።

ሰይድ የማሽላውን ናሙና ዘግኖ በእጁ እንደያዘ ቆሟል፤ የመጣንበትን ረስቶ። «ጫኔ ከነገ ወዲያ ወደ አገሩ ይመለሳል። የምትልከው ቃል ካለ አሁን ነው» አለኝ።

ጫኔም «ምን ልበላቸው?» አለ።

በሕይወት አለ ከተባለ ገበሬ ማኅበሩ «ልጅሽ ከወንበዴ ነው ወይ?» ብሎ እናቴን ሊያስጨንቃት ነው። የሺ ደግሞ በአንድ በኩል ልጆቿን ይዛ፣ በሌላ በኩል ከሞት የተነሣ ባል ሊመጣባት ነው። ዝም ብል ግን እናቴ ከሏን ሳታወልቅ ልትሞት ነው።

«ለእናቴ ብቻ ንገራት» አልኩት። «ለብቻዋ፣ ማንም በሌለበት። አለ በላት። ይበላል፣ ይሠራል፣ አልታመመም በላት። የሺ ምንም እንዳትሰማ። ካንተ አፍ እንዳይወጣ፣ ጫኔ።»

«ልጆቼን ይንሣኝ» ብሎ ማለልኝ። ስንለያይ እንደ ልማዳችን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ላቡ የሰሊጥ ሽታ ነበረው።

ገዳሪፍ ስመለስ አቶ ወርቅነህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ከውስጥ ሆነው ያለቅሳሉ።

«እመጣለሁ» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ወዴት?»

«ወደዚህ። ቦታዎን እይዛለሁ። ርቀት ያስረሳኛል ብዬ ነበር፤ ያስረሳው እነሱን ሆነና እኔ ሳልረሳ ቀረሁ። ሞተ ከተባልኩ ደግሞ ቢያንስ ከመቃብሬ ቅርብ ልሁን።»

«እንደሱ አትበል» አሉኝ፤ እጄን ግን አጥብቀው ያዙት።

የመመለሻውን መንገድ ብዙም አላስታውሰውም። ተራሮቹ ላይ ያ ብርድ ሲመጣ መስኮቱን የከፈትኩት ትዝ ይለኛል። ፖርት ሱዳን ስደርስ ለድርጅቴ መልቀቄን አስታወቅሁ፤ ተተኪ እስኪመጣ ቆይ ተባልኩ። ከወደቡ ዕቃ ስረከብ፣ ጆንያ ሳስከፍት፣ ጆሮዬ መንገድ መንገዱን ይጠብቅ ነበር።

ሰሞኑን ሰይድ ለቅርንጫፉ ጆንያ ሊረከብ መጣ። ገና ሳንሳሳም «ጫኔ ደርሶ ተመልሷል» አለኝ። «እናትህ አላመነችም።»

«እንዴት አላመነችም?»

«‹ሱዳን የሚሄድ ሁሉ ወሬ ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ ልቀብረው አቅም የለኝም› አለች አሉ። ግን ጫኔን ሸኝታው ስታበቃ ከኋላው ጠራችው። ‹እውነት ልጄ ከሆነ፣ በኩፍኝ የሞተችውን ታናሽ እኅቱን ማን ብሎ ይጠራት እንደነበር ይንገረኝ። ያን ስም ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም› ብላለች። ጫኔ ለመልሱ ዶካ ላይ እየጠበቀኝ ነው።»

የክርስትና ስሟን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ያወጣሁላት ግን ሌላ ነው። ወንዝ ስንወርድ ከውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ ተነሽ ብትባል አትነሣም ነበር። ካለፈች ወዲህ ያን ስም አፌ ላይ አድርጌው አላውቅም፤ ለየሺም እንኳን አልነገርኳትም።

«ጉርጤ» አልኩት።

«ማን?»

«ጉርጤ። የእኔ ጉርጥ ማለት ነው። እንዲህ ብለህ ንገረው።»

ሰይድ እንዳይረሳው ደጋገመው። ጆንያው ተጭኖ አልቆ፣ መኪናው ተነሥቶ፣ ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ «ጉርጤ፣ ጉርጤ» እያለ ወደ ተራሮቹ ሄደ።